የእትዬ ታንጉት ክዳን

እትዬ ታንጉት ጣሪያ ላይ የወጡት ቤታቸውን ራሳቸው ሊከድኑ ነበር ወይስ የሰፈሩን ወንዶች ሊያሳፍሩ? እስካሁን አላውቅም።

ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ቤት ከዳኝ ቀጥረው ነበር፤ እሱ ግን «የገበሬ ማኅበሩን አዳራሽ ልጨርስ» እያለ ከረመ። በዞብል ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር መሰላል አስደግፈው ወጡ። ቆቦ ውስጥ ሴት ቤት ስትከድን ታይቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ፤ መንገደኛው ምን ይለናል?» አለ እንድሪስ የሚባለው ጎረቤት ከታች።

«የፈለገውን ይበል፤ አንተ ሣሩን አቀብለኝ።»

እያቀበለ መቆሙ አሳፈረውና ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ሌሎቹም የሰፈሩ ወንዶች ተከተሉት። እሳቸው ወርደው «እዚያ ጋ ሳስቷል» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ።

ዝናቡ የጣለው ክዳኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንድም ጠብታ አልገባም። እትዬ ታንጉት ጋደም አሉና ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።