ስብርባሪው ወዴት ወደቀ?

የውሃ ቢሮውን መስኮት የሰበረችው ሰፈሩ እትዬ ስብርባሪ የሚላት መስታወት ገጣሚ ናት ይባላል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝባት ድንጋይ አነሳች አሉ። ይህን የሚያወራው ሁሉ በዕለቱ አልጋ ሥር የዋለ ጀግና ነው። ሴትዮዋ እንኳ ወገቧን ይዟት አልጋ ላይ ነበረች፤ ላይ ነው ያልኩት፣ ሥር አላልኩም።

ሰልፍ የወጣው ታናሽ ወንድሟ ነው። ቧንቧው ከደረቀ ወር አልፎት ስለነበር ከጎረቤቶቹ ጋር ባዶ ጀሪካን ይዞ ቢሮው ደጃፍ ቆመ። ጮኹ፣ ጀሪካን ደበደቡ። ድንገት መስኮቱ ተሰበረ። ሰልፉ እዚያው በዚያው ሁከት ተባለ፤ ወንድሟም ከአሥራ አንድ ሰው ጋር ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን መስኮቱን እንድትገጥም እሷው ተጠራች፤ ሌላ ገጣሚ የለማ! የቢሮው ኃላፊ ከጭንቅላቱ ይልቅ ከረባቱ የሚያስብለት ሰውዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ «ማስረጃ» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል።

«ከውጭ ወርውረውብኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት፣ እትዬ» አላት።

«እሰይ፣ እንኳን ተረፉ» አለችና ወለሉን ቃኘች። አንዲት ፍንጣሪ የለም።

«ጠርገሽው ነው?» አለቻት የቢሮውን ጽዳት ሠራተኛ፣ ቀስ ብላ።

«ምን ነበረና ነው የምጠርገው?»

እትዬ በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። ከደጅ ያለው የአበባ መደብ በስብርባሪ ተሞልቷል። ሰነፎች! ውሸት ሲሠሩ እንኳ ጨርሰው አይሠሩም፤ ከመስኮታቸው ወዲያ ማየት ልማዳቸው አይደለም። ደጅ ወጥታ ስብርባሪውን በባልዲ ለቀመች፣ አዲሱን መስታወት ገጠመች፣ ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

እስረኞቹ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኃላፊው ሰፈርተኛውን አዳራሽ ሰበሰበ።

«ሰልፍ መብት ነው፣ ሁከት ወንጀል ነው፤ መስመሩ ያ መስኮት ነው!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጀሪካን ሲደበድቡ የነበሩት እጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ እጅ ምን ያውቃል።

እትዬ ወገቧን ይዛ ተነሳች። ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አድርጋ ኃላፊውን ጠየቀች፦

«መስታወት ከተመታበት ወዲያ ማዶ ነው የሚረግፈው፤ እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ የለቀምኩት ከደጅ ነው። ወንድሜን ነገ ከማቅረባችሁ በፊት እስቲ ንገሩኝ፤ መስመሩ መስኮቱ ከሆነ፣ ሁከተኛው በየት በኩል ነበር የቆመው?»