ሐጂ የጠበቁት መስቀል

መካኒሳ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ በነበረ የእንጨት ሥራ ቤት ስቀጠር ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሞባይል ስልክን ገና በወሬ ነበር የምናውቀው። ባለቤቱ ጋሼ ግን ከጣሊያን አገር ያገለገለ፣ ኮምፒውተር የሚያዘው የእንጨት መቅረጫ ማሽን አስመጥተው የሥራ ቤቱ መሐል ላይ ገተሩት። አናጺዎቹ እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብለው አኮረፉት። እኔ ትዕግሥቴ አጭር፣ አፌ ፈጣን ነበር፤ «ስጡኝ፣ አይበላኝ!» አልኩ። በዚያው የእኔ ሆኖ ቀረ።

ከማሽኑ ጋር ከመጣው ዕቃ ሁሉ የወደድኩት መዳበሻውን ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ከስክሪብቶ የቀጠነ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የጎመን ዘር የምታክል ኳስ አለችው። ልንቀዳው የፈለግነውን ዕቃ ከሥሩ እናስቀምጣለን። መዳበሻው ዝቅ ብሎ ይነካዋል፣ ጠቅ ይላል፣ ይነሣል፤ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይነካል። ኮምፒውተሩ የተነካውን ቦታ ሁሉ ከፍታ ይመዘግባል። ዕቃው ከጥግ እስከ ጥግ ተዳብሶ ሲያልቅ መዳበሻውን አውልቀን ምላጭ እንገጥማለን፣ ማሽኑም ያንኑ ቅርጽ በሌላ እንጨት ላይ ይደግመዋል። ፍጥነት ግን አትጠብቁ። የመዳፍ ስፋት ያለው ነገር ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲባልበት ውሎ ያድራል።

አንድ ቀን ከሀና ማርያም አካባቢ አንድ አዛውንት ቄስ መጡ። ዐይናቸው እየደከመ ስለነበር በሩን በእጃቸው ፈልገው ነው የገቡት። ከደረታቸው በነጠላ የተጠቀለለ የእንጨት መስቀል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል፤ ሲነካ ዱቄት ያራግፋል።

«ልጄ፣ ይሄን ከቅስና ጀምሮ ይዤዋለሁ» አሉኝ። «አሁን የማየው በእጄ ነው። አንድ ቀን በሽተኛ ላይ ስጸልይ እዚያው እጄ ላይ እንዳይፈርስብኝ ፈራሁ።»

«ጎበዝ ጠራቢ አጥተው ነው አባ?»

«አሠርቼ ነበር እንጂ። ቆንጆ ነው ይሉኛል። እጄ ግን አላወቀውም። ይዤው ስጸልይ የሰው ዕቃ የያዝኩ እየመሰለኝ ልቤ ይበተናል።» አሮጌውን መስቀል እየዳበሱ፣ «እጄ ካላወቀው ግን አገልግሎቴን ልተው ነው» አሉ።

ለማርያም ንግሥ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ ጋሼን እንኳ አላማከርኩም።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ መዳበሻው ነቀዝ የበላውን እንጨት ይወጋዋል የሚለው ነበር። ጉልበቱን በጣም ቀነስኩለትና በበሰለ ቲማቲም ሞከርኩት። ቲማቲሙ ከላይ እስከ ታች ተዳብሶ ጭረት አልወጣበትም። ሻይ የምታፈላልን እትዬ «ይኼማ ከባሌ ይሻላል» ብላ ቲማቲሙን ወስዳ ስልስ ሠራችበት። መስቀሉን በብረት ማሰሪያ መጥፈር ስለማይቻል ሰም አለስልሼ አነጠፍኩለትና ቀስ ብዬ አስተኛሁት። ከዚያ አንዴ ተሳልሜው ማሽኑን አስነሣሁ።

ውጤቱ ሲታይ የመስቀሉ አንድ ክንድ መሐሉ ላይ ደረጃ ሠርቷል። ልክ ለሁለት ተቆርጦ ተዛንፎ የተገጠመ ይመስላል። መብራት ተቆራርጦ ነው ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ሁለት ደረጃ አወጣ! በመንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ያነቃንቀው ይሆናል ብዬ ማሽኑን ጎማ ላይ አስቀመጥኩት። እንጨት መላጊያው እንዳይነሣ ብዬ አናጺዎቹን ሥራ አስፈታሁ፤ እነሱ ደስ አላቸው፣ ጋሼ ግን ደማቸው ፈላ። ሦስተኛው ከሁሉም ባሰ። ጋሼ ትእዛዝ አወጡ፦ ከእኔ በቀር ማንም ሰው ማሽኑ አጠገብ እንዳይደርስ። ለእኔም ለብቻዬ፣ «ካልቻልሽ ለአባ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ ሽማግሌ አታንገላቺ» አሉኝ። ንግሡ ደርሷል። አባ ያንን የሰው ዕቃ የመሰላቸውን መስቀል ይዘው ሲቆሙ እየታየኝ ምሳ አልወርድልሽ አለኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የወጣሁ መስዬ ከተከመረው የዋንዛ ጣውላ ጀርባ ተደበቅሁ። መዳበሻው ጠቅ ጠቅ እያለ ነው። ብዙም አልቆየ፣ ዘበኛችን ገባ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ መዳበሻው ወደ ዳር ራቅ እስኪል በትዕግሥት ጠበቀ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን በግንባሩ፣ በከንፈሩ ተሳለመና ሹልክ አለ። ገና አፌን ሳልዘጋ እትዬ በባዶ እግሯ ገባች፤ እሷማ ሦስት ጊዜ! በመጨረሻ ትእዛዝ ያወጡት ጋሼ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ሲሉ መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ!»

ደንግጠው ቀና አሉ። ግንባራቸው ላይ ሰም ተለጥፏል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ፣ ጭራሽ ተቆጥተው። «መስቀል ፊቴ ተጋድሞ ዝም ብዬ ልለፍ? እኔ አረመኔ ነኝ?»

ንዴቴ ሁሉ ወደ ሳቅ ተለወጠብኝ። ለካ ማሽኑን ስከስ የሰነበትኩት በከንቱ ነው። መስቀሉ የተኛው ለስላሳ ሰም ላይ ነው፤ የገባ የወጣ ሁሉ በግንባሩ ገፋ ባደረገው ቁጥር ትንሽ ይሸሻል፣ መዳበሻውም የሸሸውን እንዳገኘው ይመዘግባል።

በጨርቅ እንዳልሸፍነው መዳበሻው ሊነካው ነው። በሩን እንዳልቆልፍ ሥራ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብለምናቸው «እሺ» ይላሉ፤ ግን አንገታቸው ከልጅነት የለመደውን እኔ በምን አቅሜ ላስተወው? ያን ጊዜ ነው ሐጂ ከጥግ የተነሡት። ሐጂ የስልጤ ሰው፣ የአናጺዎቹ ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ መካን ሳያዩ ሐጂ ያልናቸው እኛው ነን። ማሽኑን ከሁሉ በላይ ያኮረፉትም እሳቸው ነበሩ።

«እኔ እቀመጥበታለሁ» አሉ። «ከመሐላችን መስቀሉን በስርቆት ሳይሳለም የሚያልፈው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ዱካቸውን ስበው መቁጠሪያ ሙስባሃቸውን ይዘው ማሽኑ አጠገብ ተሰየሙ። ዘበኛው ብቅ ሲል እጃቸውን ዘረጉ፦ «ና፣ መሳለም ካማረህ እኔን ሰላም በለኝ!» ዘበኛው ምርጫ አልነበረውም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። እትዬም በተራዋ። ጋሼ እንኳ ሁለቴ ተያዙ። ቀኑን ሙሉ ሐጂ እንደ ሙሽራ ሲሳሙ ዋሉ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ዱካውን ለእኔ እየሰጡ «አደራ፣ አንቺም እንዳትጎነበሺ» ብለውኝ ጥጋቸው ሰግደው ይመለሳሉ። ፊቱ ሲያልቅ ጀርባውን ገለበጥን፣ እሱንም ጠበቁት። አንድም ደረጃ አልወጣም።

ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሐጂ አጎንብሰው አዩትና «ይቺ ምንድን ናት?» አሉ። መስቀሉ መሐል ላይ ሰፋ ያለች ስርጉድ አለች፤ እጀታው ላይም የአውራ ጣት የሚያክል ጎድጓዳ። በዐይን ሲያዩት አያስታውቅም ነበር። ሐጂ ጣታቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ ትንሽ አሰቡ። «የታችኛው የአባ ጣት ነው። የላይኛውን ደግሞ በግንባሩ ያጎደጎደው የእናንተ ዓይነት ሰው ነው» አሉ። የፊተኛው ጠራቢ ይሄን ጉድለት ብሎ ደልድሎት ኖሯል።

ወይራ ላይ ቀረጽነው። አናጺዎቹ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ሊያለሰልሱት ቢመጡ ሐጂ «እጃችሁን!» ብለው አባረሯቸው። የቀባነው ትንሽ ሰም ብቻ ነው።

አባ በንግሡ ዋዜማ መጡ። ሁላችንም ሥራ አቁመን በሩ ላይ ቆምን። መስቀሉን ዝም ብዬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። አባ ጨበጡት። ወዲያው ቀና ብለው «እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ልጆቼ» አሉና ወደ እኛ ዘረጉት። እኛም የቆየብንን ልናወጣ ተሰልፈን፣ እኔ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ዘበኛው፣ አናጺዎቹ፣ በግንባር በከንፈር ተሳለምን። ሁሉም ሲያበቃ አባ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱና እንዲህ አሉ፦

«በሉ እንግዲህ፣ አዲሱን አምጡልኝ።»

እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አባ፣» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «እጅዎ ላይ ያለው እኮ ነው።»

አባ አውራ ጣታቸውን ከጎድጓዳው አወጡት፣ መልሰው አስገቡት። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸው እየወረደ ነበር የሚስቁት። «ሳይጸለይበት አሳለምኳችሁ! ምን ጉድ ነው» አሉ። ሐጂ እንዴት እንደጠበቁት ስንነግራቸው እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው የሐጂን ፊት ዳበሱ፣ ጉንጫቸውን ሲያገኙ ሳሙት። ሐጂ «አይ እንግዲህ፣ ዛሬም አልተረፍኩም» አሉ።

አሮጌውን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ አኖሩት፤ አዲሱ እጃቸው ላይ ቀረ። እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ወያላው «ሀና ማርያም!» እያለ ሲጣራ ቄስ መሆናቸውን አይቶ ዝም አለና አንገቱን ሰበር አደረገ። አባ ሊያሳልሙት እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ከዚያ ገና ያልተጸለየበት አዲሱ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ቶሎ ዝቅ አደረጉት።

«ነገ ማርያም ቤት ና፣ ልጄ» አሉት። «ዛሬ የሚያውቀው የእኔ እጅ ብቻ ነው።»