ፋጉሎ የጠፋበት በጋ

ውባንች ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ከገባች አሥራ አምስት ዓመት ሆናት። ባሏ ሲሞት የቀሯት ሁለት ላሞች ነበሩ፤ ዳልቻና ቦራ። በእነሱ ወተት ነው ልጆቿን አሳድጋ የዳረችው። ቆላ ላይ ከጥር ወዲያ ሣር የለም፤ የማሽላ አገዳ ብቻውን ደግሞ ወተት አያወርድም። ላሞቹ በጋውን የሚሻገሩት በፋጉሎ ነበር። የሰፈሩ ዘይት ጨማቂ ሳጂድ ሰሊጡን ጨምቆ የሚተርፈውን ያስቀምጥላታል።

ባለፈው የካቲት ባዶ ማዳበሪያዋን ይዛ ፋጉሎ ልትወስድ ብትሄድ መጭመቂያው ዝም ብሏል። ሳጂድ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎ እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ ሰሊጥ አጣሁ እንጂ። ከእንግዲህ ገበሬው ለላኪ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ መመሪያ ወጥቷል። ሳይጨመቅ በፍሬው ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል።»

«ፋጉሎውስ?»

«እሱም አብሮ ሄደ፣ እቴ።»

አላስቻላትም። በማግስቱ የሰሊጥ ንግድ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደች። ወጣቱ ሠራተኛ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «እናቴ፣ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። የከብት መኖ ግን የእኛ ሥራ አይደለም፤ እንስሳት ክፍል ይጠይቁ» አላት። እንስሳት ክፍል ደግሞ የሰሊጥ ነገር የንግድ ነው ብሎ መለሳት። ማንም ክፉ አልተናገራትም።

በመጋቢት የዳልቻ ወተት በግማሽ ወረደ፤ የቦራ ከዚያም ባሰ። ወተቷን የሚገዟት ሻይ ቤቶች ወደ ዱቄት ወተት ዞሩ። ማርያማዊት ግን ወዴት ትዙር? ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ከመጣ ባሏ ጋር እዚሁ የቀረች ናት። ጡቷ ስለደረቀ የዓመት ከመንፈቅ ልጇ የሚውለው በውባንች ወተት ነበር። ውባንች ሌላውን ደንበኛ ሁሉ መልሳ ለእሱ ብቻ ታልብ ጀመር።

ሚያዝያ ላይ ደረበ የሚባል፣ ከብት ወደ ሱዳን የሚነዳ ነጋዴ መጣ።

«እትዬ ውባንች፣ ቦራን ይሽጡልኝ። ሳትሞትብዎ።»

«የምትታለብ ላም ለሥጋ?»

«እዚያ ምን እንደሚያደርጓት እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሦስት ቀን አሰበችበት። ሁለቱን ማብላት እንደማትችል ሲገባት ሰጠችው። ቦራ እየተነዳች ስትጮህ ውባንች ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በሽያጩ ገንዘብ ከጎንደር የኑግ ፋጉሎ አስጫነች፤ መኪናው ግን መንገድ ተዘግቶበት አይከል ከተማ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመ። ሲደርስ ዳልቻ ነጥፋ ነበር።

የማርያማዊት ልጅ ከሳ፣ እግሩ አበጠ። ውባንች ራሷ አዝላው ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ የታሸገ ምግብ ሰጠቻቸውና፣ «ቤት ስትመለሱ ወተትም ስጡት» አለች። ማርያማዊት ዞር ብላ ውባንችን አየቻት። ውባንች መሬት መሬቱን አየች።

ልጁ ተርፏል። ዳልቻም ከብዳለች፤ የምትወልደው ግን በበጋ ነው። ውባንች ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ከማርያማዊት ጋር ሣር እያጨደች ለበጋው ጓሮዋ ትከምራለች።

«ይበቃል?» ትላታለች ማርያማዊት።

«አይበቃም» ትላለች ውባንች ማጭዷን እየሳለች። «እጨጂ ብቻ።»