ለእናቴ ፋብሪካ ቦታ ፍለጋ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ብሩክ ምሳ ሊበላ መጥቶ ገና ማዕዱ ሳይቀርብ ስልኩን ፊቴ ደቀነው። የቀለም ፋብሪካ ሊከፍት መሬት ሲያፈላልግ ከርሟል። «እትዬ፣ ይዩልኝ፤ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ነው። ከወንበሬ ሳልነሣ ሦስት ቦታ ጎበኘሁ» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ለጥ ያለ፣ ያማረ መሬት ነው። «በየትኛው ወር ነው የተነሣው?» ስለው ሳቀብኝ። ቀልድ መስሎታል፤ እኔ ግን የወር ነገር የሚያንገበግበኝ ምክንያት አለኝ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከንግድ ትምህርት ቤት ተመርቄ በታይፒስትነት ተቀጥሬያለሁ፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ ባጭሩ ከእኔ በላይ አዋቂ የለም። እናቴ ወይዘሮ አስካለ መርካቶ ውስጥ የድርና ማግ ነጋዴ ነበረች። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔንና እህቴን ያሳደገችን በዚያች ሱቅ ነው። ያን ዓመት አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለተነሣ የብርድ ልብስ መሥሪያ ማሽኖቹን እንደሚሸጥ ሰማችና የተወለድንበትን ቤት ሸጣ ገዛቻቸው። ዘመድ ሁሉ «አበደች» አለ። ማሽኖቹ እዚያው ጣሊያኑ ግቢ ሸራ ለብሰው ቆሙ። ሰውዬው ግቢውን የሚያስረክበው በሚመጣው ዓመት ለመስቀል ነው፤ እስከዚያ መሬት ካላገኘን ማሽኖቹም እኛም ሜዳ ላይ መውደቃችን ነው።

«ቦታውን አንቺ ምረጪ» አለችኝ እናቴ። «እኔ የማውቀው ክር ነው። ያስተማርኩሽ ለዚህ አይደል?»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። መንገድ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሠራተኛ፣ የመሬቱ ልክነት እያልኩ በማስመሪያ አሰመርኩና ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ልሰጥ ተሰናዳሁ።

ኅዳር ላይ ሴይቼንቶ የምትባል አንዲት ትንሽ የፊያት ታክሲ ተኮናትሬ መጀመሪያ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ሄድኩ። አየሩ ጥሩ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ የሚል፤ መሬቱ ግን ዳገት ነው። በዚያ ጫማ ስወጣ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። አነስተኛ ነጥብ ሰጠሁት፤ ጫማውም የራሱን እንደቀነሰበት ዛሬ አልክድም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጅማ መንገድ ሰበታ ወረድኩ። እዚያ ምግብ ቤት የበላሁት ጥብስ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። የታየኝ መሬት ግን ወጨጫ ተራራ ግርጌ ያለ፣ ድንጋይ የበዛበት፣ የገበሬ ጎጆዎች የከበቡት ተረተር ነው። ለጥብሱ ቢሆን አሥር እሰጥ ነበር፤ ለመሬቱ ግን ከቡራዩም ያነሰ ሰጠሁ።

ሱሉልታ ስደርስ ልቤ ስፍስፍ አለ። እንጦጦን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ዓይን እስኪያቅተው ድረስ ተዘርግቷል። ሣሩ ታጭዶ የድርቆሽ ክምር እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል። አንዲት ድንጋይ የለችበትም፤ አስፋልቱም አጠገቡ ነው። ባለመሬቱ ትሑት ሰው ናቸው፤ ሜዳውን ካሳዩኝ በኋላ ከጎረቤታቸው ከኦቦ ቶሎሳ ቤት ወስደው አስቀመጡኝ። ኦቦ ቶሎሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሜዳ ዳር ከብት ያረቡ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ?» ብለው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝና እርጎ አስቀረቡልኝ። ቅቤው ከላዩ የወፈረ፣ የቅሉ ጢስ የሚሸት እርጎ ነው።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይህን መሬት እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው።

«ለሣርማ ወደር የለውም።»

«ለፋብሪካስ?»

ባለመሬቱን አየት አደረጉና እርጎ ጨመሩልኝ። «ፋብሪካ እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርሽው አንቺ።» ስነሣ እስከ ደጅ ሸኙኝና «ሐምሌ ሲገባ ተመልሰሽ ነይ፤ እርጎ ያኔ ነው። እንዳትቀሪ፣ አደራ» አሉኝ።

የገጠር ሰው ደግነት ነው ብዬ አመሰገንኩና ታክሲው ውስጥ ገብቼ ለሱሉልታ ድፍን ነጥብ ሰጠሁ። እናቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችና «ካልሽ መልካም» አለች። ውሉ ግን ቶሎ አላለቀም። መሬቱ የወንድማማቾች ስለነበር አንዱ ሲገኝ አንዱ ሲጠፋ በጋው አለፈ። በመጨረሻ ለሐምሌ ሥላሴ ማግስት ተቀጣጠርን። እኔ በመጓተቱ ስበሳጭ ከረምኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያኔ የት አውቄው።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን በፊት ሱሉልታ ሄድኩ። መሬቱን ላጣራ ነው የሄድኩት ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እርጎው አምሮኝ ነው። አውቶቡሱ እንጦጦን አልፎ ሲወርድ ጉሙ ተገለጠና ሜዳዬን በዓይኔ ፈለግኩት። የለም። ዳር እስከ ዳር ውሃ ነው። ድርቆሽ ተከምሮበት በነበረው ቦታ ዳክዬ ይዋኛል። ወዲያው የታዩኝ የእናቴ ማሽኖች ናቸው፤ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው።

ኦቦ ቶሎሳ ከደጃቸው ሆነው «ኮቱ፣ ኮቱ፤ ዝናቡ ሳይመታሽ ግቢ» አሉኝ። «ፈርመሽ የቀረሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ኧረ ኦቦ ቶሎሳ! ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ? ጎረቤቴ ነው፤ ከብታችን አንድ ላይ ነው የሚውለው። የሰው ገበያ አፍርሼ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ነይ አልኩሽ፤ አደራም አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

«እሳቸውስ ለምን ደበቁኝ?»

«አልደበቀሽም። መንገዱን ጠየቅሽ፣ መብራቱን ጠየቅሽ። ክረምቱን መች ጠየቅሽ?»

እውነታቸውን ነበር። በእኛ አገር ጨዋ ሰው ክፉውን ፊት ለፊት አይናገርም፤ በግብዣ መሀል ያስቀምጠውና ዝም ይላል። እኔ ነጥብ መስጠት እንጂ እንዲህ ያለውን መስማት አልተማርኩም ነበር።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ውሸት ስፈልግ ነበር። ባለመሬቱ አታለለኝ ልበላት? ወንድማማቾቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ ልበል? ቤት ስደርስ እናቴ በኪራይ የገባንባት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ክር ትጠቀልላለች። የሸጠችው ቤት ትዝ አለኝና የሰበሰብኩት ውሸት ሁሉ ጠፋብኝ።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሜዳው ክረምት ክረምት ውሃ ነው» አልኩና አለቀስኩ።

እጇ ክሩ ላይ ቆመ። ክሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ፈርመናል?»

«አልፈረምንም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ተነሺ፣ ጫማሽን ጥረጊ። ነገ ሰበታ እንሄዳለን።»

በማግስቱ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ጃንጥላ ይዘን ሰበታ ሄድን። ያ የናቅኩት ተረተር ላይ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ አይተኛም። እናቴ መሬቱን ትታ ዙሪያውን ጎጆዎች ተመለከተች። «አየሽ፣ ግድግዳቸው ስንት ክረምት እንዳለፈበት? ሰው ልጆቹን የሚያስተኛበትን ያውቃል» አለችኝ። ከዚያ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ወዳሉበት ምንጭ ወረደችና ከዘንቢሏ አንድ እፍኝ ያልታጠበ የበግ ፀጉር አወጣች። ሳሙና ለምና ማሸት ጀመረች። አረፋው እስከ ክንዷ ወጣ፤ ፀጉሩም ነጣ፤ ውሃው ለብርድ ልብስ ሥራ መሆን አለመሆኑን መፈተኗ ነው። ሴቶቹ «ምን ነካት?» እያሉ ሲሣሣቁ እሷም አብራ ሣቀች። ቤቱን ከሸጠች ወዲህ ስትሥቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውሉን ስንፈራረም የሰበታው ባለመሬት ተገርሞ «እመቤቴ፣ ይህን ድንጋያም ቦታ ማን መረጠልዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«ልጄ ናት የመረጠችው» አለች፣ ቅንድቧ እንኳ ሳይነቃነቅ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር። ግን አላሾፈችም፤ ማሽኖቹ ለመስቀል ሰበታ ገቡ፣ ጥር ላይ የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ወጣ፤ ቀጥሎም ሠራተኛ የመቅጠሩን ሥራ «አንቺ ምረጪ» ብላ ሰጠችኝ። ፋብሪካው ከዓመታት በኋላ በአዋጅ ተወስዷል፤ እስከዚያ ድረስ ግን አንድም ክረምት ውሃ አልገባበትም።

ዛሬ ያኔ እናቴ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ። ቤቴን ሸጬ ያን ያህል የተሳሳተ ልጅ በማግስቱ አምነው ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እውነቱን ልናገርና እንጃ። ብሩክ ምሳውን ጨርሶ ሲነሣ «እንግዲያው እትዬ፣ ቦታውን እርስዎ ይምረጡልኝ» አለኝ። ምላሴ ላይ ብዙ ምክር መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አንተው ምረጥ» አልኩት። «ከተሳሳትክ ግን አትደብቀኝ፤ ሳትፈርም ና።»