የፎቁ ክንድ

ልብስ ሰፊዋ፣ ሰው ወደ ሱቋ ሲገባ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን ክንዱን ነው። ሠላሳ ዓመት እጅጌ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ «አንተ ሃያ ስምንት፣ አንቺ ሃያ አራት» ካለች አለች ነው። ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ደም ግፊቱንም ተለክቶ ይወጣል።

ይህን የጀመረችው ባሏ የሞተ ዓመት ነው። እሱም ሰፊ ነበር። ካውያውን እንደያዘ በቁሙ ወደቀ፤ ግፊት እንዳለበት እሱም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቁጥር ሲጽፍ ኖሮ የራሱን ሳያውቅ ሄደ። ለቅሶው እንዳበቃ መለኪያ ገዛች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አጠቃቀሙን አሳየቻት። ደንበኛው አምስት ደቂቃ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ እሷም የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። መሃል ላይ ያወራ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሐሜተኞቹ እስኪለኩ ይመሻል።

ችግር የሆነባት ፎቁ ነው። ፎቁ የገበያው ጫኝና አውራጅ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቁመቱን ያየ ሰፈር ነው። ክንዱ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ደግሞ ከሠላሳ ሁለት በላይ አይዞርም። ሰፊ አይደለች? ቀጠለችበት። አንድ ስንዝር ጨምራ፣ ማጣበቂያ ሰፍታ ለካችው፤ ቁጥሩ አስደነገጣት።

ነርሷ ስትሰማ ሳቀች። «እትዬ፣ ጨርቁን ብታስረዝሚው ውስጡ ያለው ላስቲክ አብሮ ይረዝማል? ለወፍራም ክንድ ራሱን የቻለ ትልቅ አለ። በትንሹ ከለካሽው ቁጥሩን ያንረዋል።»

ሰፊዋ መዋሸት አትችልበትምና ሄዳ ለፎቁ ነገረችው። ጥፋቷ ያ ነው።

«አላልኩሽም! እኔ ምንም የለብኝም። ዕቃሽ ነው የልጅ!»

«እንግዲያው ጤና ጣቢያ ሂድና በትልቁ ተለካ።»

«ግማሽ ቀን ልሰለፍ? ጭነቱን አንቺ ታወርጂልኛለሽ? ትልቁን አምጪ፣ ያኔ እጄን እሰጥሻለሁ።»

በየጠዋቱ በሯ ላይ ሲያልፍ «እትዬ፣ አመጣሽ?» ይላታል፤ ግንባሩን በፎጣ ጠፍሮ። ባሏም ራሱን ሲያመው እንዲሁ ያስር ነበር።

«ለልብ ጤና የሚሠሩ የሰፈር ፕሮጀክቶችን እንደግፋለን» የሚል ማስታወቂያ ጤና ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ይሄኔ ነው። የመጀመሪያውን መለኪያ ከኪሷ ገዝታ ነበር፤ ለሁለተኛው ኪሷ አልቻለም። አሥራ አራት ገጽ ቅጽ ሞላች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ትልቅ የክንድ ጨርቅ ያለው መለኪያ። ሦስት ወር ጠበቀች። ተፈቀደ! ካርቶኑ መጣ። ሲከፈት መቶ ኮፍያ፣ ስድሳ ቲሸርት፣ «ጤናማ ልብ ለሁሉም» የሚል የስድስት ሜትር ባነር። መለኪያ የሚባል የለም። ትልቁን ቲሸርት ለፎቁ ብታለብሰው እጅጌው ተተረተረ።

«ነገ ፕሮጀክቱ ቢሮ ለምስክርነት እፈልግሃለሁ» አለችው። ጠብ መኖሩን ሲሰማ ሳያንገራግር ሥራውን ትቶ መጣ።

የፕሮጀክት ባለሙያው ልጅ እግር ነው፤ ወንበር አቀረበላቸው። ትሕትናው አያልቅም።

«እናቴ፣ የእርስዎ ፕሮጀክት የተመደበው ግንዛቤ ማስጨበጫ ላይ ነው። መለኪያ የሕክምና ዕቃ ነው፤ በዚህ የበጀት መደብ አይገዛም።»

«ኮፍያውስ?»

«ኮፍያ መልእክት ያስተላልፋል።»

«ለማን? ለፀሐይ?»

ፎቁ በሳቅ ወንበሩን አንቋቋው። እሷ አልሳቀችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ክንዱ ላይ ጠመጠመችው።

«አርባ አንድ። ይህን ቅጽህ ላይ የቱ ጋ ልጻፈው? ግንዛቤ ነው ያልከኝ? ስድስት ወር ጠዋት ማታ አስጨብጬዋለሁ። የጎደለው ክንዱን የሚያክል ዕቃ ነው! የኮፍያው ግማሽ ዋጋ ይበቃው ነበር።»

«ልክ ነዎት እኮ። ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት በሌላ ቅጽ ያስገቡ» አለና ስልኩን አነሣ። «እስቲ ሜትሩን እንደያዙ አንዴ ወደዚህ... ለሪፖርት ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል።»

አነሣቸውም። የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ባለጌ ቢሆን ሰድባው ትወጣ ነበር። የሰው ልብ ቲሸርት ላይ ተስሎ ሲታይ ገንዘብ ያገኛል፤ ደረት ውስጥ ያለው ግን የበጀት መደብ የለውም።

ደረጃው ላይ ሜትሯ እየተጠላለፈባት መጠቅለል አቃታት። ፎቁ ተቀብሎ ጠቀለለላት።

«የባልሽም ክንድ እንደኔ ነበር?»

«ሠላሳ ነበር። ትንሹ ይበቃው ነበር።»

ፎቁ የገበያውን መንገድ ትቶ በግራ ታጠፈ። «ነይ፣ እንሰለፍ። ቀኑ እንደሆነ ሞቷል።»

ግማሽ ቀን ተሰለፉ። ነርሷ ትልቁን ጨርቅ ጠመጠመችለት፤ አምስቱን ደቂቃ ትንፍሽ አላለም። ለካችው። ደገመችው። መቶ ሰማንያ አራት። አሁን አልሳቀችም።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

ፎቁ ወደ ሰፊዋ ዞረ። «ቅጽ ስንሞላ» አለ።

ሰፊዋ መድኃኒቱን እስኪቀበል ቆማ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ገለጠች። ከሠላሳ ሁለት በላይ የሆኑ ዘጠኝ ክንዶች ገና አሉ። ዘጠኙም የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ዘጠኙም ለሰልፍ ብለው ሥራ አይፈቱም።