መካኒሳ የሚዞር፣ ሐይቁ ላይ የሚቆም ሞተር

ወጋየሁ መካኒሳ ከታክሲ መቆሚያው ጀርባ የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖና ዲናሞ ይጠግናል። የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከእሱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሱ መዶሻ ሲያነሣ የእኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። የምናመልክበትም ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው። በልጅነቱ ከወላይታ መጥቶ ሙያውን ታክሲ ሥር ተኝቶ ነው የተማረው። የሠራውን ዕቃ ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ከባትሪ ጋር ያገናኘዋል፤ ሲዞር ትንሽ ያየዋል፣ "ተመስገን" ይላል፣ ያጠፋዋል። ይህን ሳያደርግ ያስረከበው ዕቃ የለም።

ሃሩን የሚባል የድሮ ደንበኛ አለው። በዚሁ መስመር ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ ወደ ዝዋይ ተመለሰና ከአባቱ በወረሰው የብረት ጀልባ ሰው ወደ ደሴቶቹ ማመላለስ ያዘ። መልህቅ በእጅ መጎተት ወገቡን ሲጨርሰው፣ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ መልህቁን ከሐይቁ ወለል የሚያነሣ ሞተር ገዛ። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባው ወደ ድንጋዩ ይገፋል፤ መልህቁ ቶሎ ካልተነሣ ሰው እንደያዘ ይላተማል። ሲያስገባው ለወጋየሁ ደውሎ እንዴት እንደሚያስረው ጠይቆት ነበር።

ዘንድሮ ሞተሩ ታመመ። ማብሪያው ሲጫን "ጠቅ" ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሃሩን ፈትቶ በጆንያ አምጥቶት የወጋየሁ ጠረጴዛ ላይ ከባትሪ ጋር ሲነካ እንደ አዲስ ዞረ። ወጋየሁ ለማንኛውም ብሎ ውስጡ እየተፋተገ የሚያልቀውን ካርቦን ቀየረለት፣ አመስግኖ ሸኘው። ሐይቁ ላይ ሲመለስ ጠቅ፣ ዝም። ሃሩን እንደገና ተሸክሞት መጣ፤ ሞተሩም እንደገና ዞረ።

ሃሩን መጀመሪያ ይቀልድ ነበር። ሞተሩ አዲስ አበባን ለምዶ ነው፣ እንደ እኔ ትራፊኩ ይናፍቀዋል ይል ነበር። በሁለተኛው ግን አልቀለደም። ጀልባ ነጂዎቹ ነገሩ የኤሌክትሪክ አይደለም፣ መልህቁ የሚወርድበት ቦታ ንጹሕ አይደለም እያሉ እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። እኔ እውነቱን ለመናገር ደንገጥ አልኩ። ወጋየሁ ሞተሩን በጆንያው ሲጠቀልል ቆይቶ፣ "ርኩስ መንፈስ ቢሆን ተከትሎት እዚህ ይመጣ ነበር። እዚያ ያለ፣ እዚህ የሌለ ነገር አለ" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ወጋየሁ እጁ ግራሶ ስለነካው ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሃሩን የሠርግ ሰዎች እያሳፈረ ነበር፤ ከበሮና ጭብጨባ ይሰማል። ሞተሩ ዛሬም ጠቅ ብቻ ነው አለ። ወጋየሁ አንድ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ እንዲያገናኝ አዘዘው። ትንሽ ቆይቶ የሰንሰለቱ ድምፅ በስልኩ ገባ፤ ሞተሩ እየዞረ ነው። ወጋየሁ ግን ፊቱ አልተፈታም።

"ኔጌቲቩን የት ነው ያሰርከው?"

"አንተ እንዳልከኝ ነዋ ጋሼ። እንደ ታክሲ።"

ታክሲ ላይ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው አንድ ገመድ ነው፤ የኤሌክትሪኩ መመለሻ የመኪናው የብረት አካል ነው። ወጋየሁ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው እንደዚያ ነው። ሃሩንም የጀልባውን ወለል ብረት በስቶ፣ ብሎን አስገብቶ፣ ገመዱን እዚያ ላይ ጠፍሮታል።

"ብሎኑ ዝጓል፣ ገመዱም ያቃጥላል" አለ ሃሩን። "የብሎን ቁልፍ ይዣለሁ፤ ፈትቼ ልፈግፍገው?"

"ቆይ። እርጥብ ነው?"

"ጋሼ፣ ጀልባ እኮ ነው።"

"ከጀልባው ውስጥ ውሃ ትቀዳለህ?"

"ጠዋት ጠዋት።"

"ድሮስ?"

"ድሮ ክረምት ብቻ ነበር" አለ ሃሩን።

ወጋየሁ ከወንበሩ ተነሣ። "ሃሩን፣ ቁልፉን አስቀምጥ። ብሎኑን እንዳትነካው። ሰዉን አውርድ።"

"ሙሽራው ተቀምጧል። ምን ልበላቸው?"

"ጀልባዬ ተበስቷል በላቸው። ኤሌክትሪክ በእርጥብ ብረት ሲመለስ ብረቱን ይበላዋል፤ አሁን ውሃውን የያዘልህ ያ ብሎን ነው።"

ስልኩ ተቋረጠ። መብራትም በዚያው ጠፋ፤ ከጎን ያለው የብየዳ ቤት ሲጮህ ቆይቶ ጸጥ አለ። ወጋየሁ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የጠረገውን ይደግማል። እኔ በልቤ ጸለይኩ፤ ድምፅ ማውጣት ፈራሁ።

ሃሩን ሲደውል ያለከልካል። ሰዉ ወርዶ ጀልባውን ገፍቶ አሸዋ ላይ አውጥቶለታል። ብሎኑን በቁልፉ ነካ ቢያደርገው፣ በዙሪያው ያለውን ብረት ይዞ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሣ። "አሸዋው ይታየኛል ጋሼ" አለ። "ከጀልባዬ ውስጥ ሆኜ አሸዋው ይታየኛል።"

ተመስገን የሚል መስሎኝ ወጋየሁን አየሁት። አላለም።

"ከአንተ አይተው ሞተር ያስገቡ ሌሎችስ አሉ?"

"አብደላና ሙሄ ናቸው። ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ፣ አንተ እንዳልከኝ።" ከዚያ ራሱ የተናገረው ነገር ትርጉሙ የገባው መሰለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ። "አብደላ ዳር አለ። ሙሄ ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ከደሴቱ ጀርባ ደግሞ ኔትወርክ የለም።"

ሙሄን የሚፈልግ ሌላ ጀልባ እንዲልክ ወጋየሁ ነገረው። ራሱም የመፍቻ ከረጢቱን አንሥቶ የጥገና ቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረ። አንተ ዝዋይ ሄደህ ምን ታደርጋለህ አልኩት። "እንደ ታክሲ እሰረው ያልኩት እኔ ነኝ" አለኝና ወደ መንገዱ ወጣ።

ያን ቀን ምን እንደሸጥኩ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ በሀና ማርያም በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ የሱቄን ሸራ ይጎትት ጀመር። ይህ ነፋስ እዚያም አለ እያልኩ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ከፈትኩ፤ አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብኩ።

ሊመሽ ሲል ወጋየሁ ደወለ። የተላከው ጀልባ ሙሄን በመመለሻ መንገዱ ላይ ነው በደህና ያገኘው። ሞተሩ ጠዋት እምቢ ቢለው ተናድዶ መልህቁን ከነሰንሰለቱ ጥሎት፣ ነፋሱ ሳይነሣ እየተሳደበ ይመለስ ነበር። እግሩ ሥር ያለውን ውሃ ጀልባው ሲሄድ የረጨው መስሎት ልብ አላለውም።

በስልኩ ውስጥ ነፋስና ውሃ ይሰማኛል።

"ተመስገን" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "የቤቱ ቁልፍ ሰኞም አንተ ጋ ይቆይ። የአብደላን ጀልባ ገና ከፍቼ አላየሁትም።"