አንድም የሌለው ጋዜጣ

የኔታ ሐብተ ማርያም በጎንደር የታወቁ የመጽሐፍ መምህር ነበሩ። አንዲት ጥቅስ እጃቸው ከገባች በአንድ ፍች አይለቋትም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛ፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛ ትርጉም ያወጡላታል። ተማሪዎቻቸው እግራቸው እስኪደነዝዝ ይሰሟቸዋል። ጋዜጣ ሲያነቡ ግን ይኸ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ!

ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ግድም ሆኖታል። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በማኪና በመጣ ቁጥር፣ የኔታ በባለሱቁ በዳኛው በራፍ ላይ ተቀምጠው ፊደል ላልቆጠረው ሁሉ ያነቡለታል። ያን ዕለት የወጣው ወሬ ስለ ልብ ነበር። «ለልብ ሕመምተኛ መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ መሆኑን የውጭ አገር ሊቃውንት አረጋገጡ» ይላል፣ ወፈር ባለ ፊደል። ከሥሩ ደግሞ ነገሩ የታየው ባንድ ሆስፒታል በተኙ ጥቂት ሽማግሌዎች ላይ መሆኑ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የኔታ እሱንም አንብበውታል፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

ወሬው ያስደነገጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤታቸው ይመኙሽ ልቧን ያማት ነበር። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ዛሪማ የተዳረችው ልጃቸው ሽታዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ እናት ደግሞ ለልጇ ምጥ ሳትደርስ እንዴት ትቀራለች? ሐኪሙም ደረቷን አዳምጦ፣ ክኒን ሰጥቶ፣ «ሸክም አይንኩ እንጂ በማኪና ቀስ ብለው ይሂዱ» ብሏታል። የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ጓዟን ቋጥራ ነበር የምትጠብቀው።

የኔታ ከሱቁ ሲመለሱ፣ «የትም አትሄጅም» አሏት።

«ምነው የኔታ? ሐኪሙ ሂጂ ብሎኝ የለ?»

«ሐኪሙ አንድ ሰው ነው። ይኸ ታትሞ የወጣ ነገር ነው።»

ይመኙሽ አልተከራከረችም። በዚያ ቤት የተጻፈ ነገር ክቡር ነው። የቋጠረችውን መልሳ ፈታችና አልጋዋ ላይ ወጣች። የኔታም ጠበቋት፤ በእጃቸው ውሃ እያጠጡ፣ ጠያቂውን «ትረፍ!» እያሉ ከደጅ እየመለሱ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳያስወጡ ጠበቋት። ከልባቸው ይወዷት ነበርና።

ሽታዬ ወንድ ልጅ መገላገሏ ሲሰማ፣ «አሁንማ ልሂድና ልየው» ብላ ለመነቻቸው።

«ሲሻልሽ» አሏት።

አልተሻላትም። በጥቅምት አንድ ማለዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች አርፋ አገኟት። ብትሄድ ኖሮ ትድን ነበር ወይ? ይኸን የሚያውቅ የለም። የልጅ ልጇን ግን ታየው ነበር፤ አንጀት የሚበላው እሱ ነው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጋዜጣ መጣ። የኔታ እንደ ልማዳቸው ሱቁ በራፍ ላይ ዘረጉት። «የልብ ሕመምተኛ ቢንቀሳቀስ እንደሚበጀው ሊቃውንት አረጋገጡ» ይላል። ያው ወፍራም ፊደል፣ ያው «አረጋገጡ»። ስለ ፊተኛው ወሬ አንዲት ቃል የለችም፤ ከነጭራሹ እንዳልተጻፈ ሁሉ።

ከሰሚዎቹ መካከል የነበሩት ሸማኔው አያ ማሩ፣ «ሸጋ ወሬ ነው! እስቲ ይድገሙልን» አሉ።

የኔታ አልደገሙትም። ጋዜጣውን አጥፈው ዳኛው እጅ ላይ ትተውት ሄዱ። በማግሥቱ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርደው ዛሪማ ገቡ።

ሽታዬ አራስ ስለ ነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም። አባቷን ስታይ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ። ለእናቷ ያሰናዳችው መደብ ከነአጎዛው እንደ ተነጠፈ ነው። የኔታ ሊቀመጡበት አልደፈሩም፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«አባባ፣ እናቴን ከመንገድ ያስቀራት ሐኪም ነው?»

«የለም ልጄ። ጋዜጣ ላይ ተጽፎ አይቼ ነው።»

ሽታዬ የሚጠባውን ሕፃን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

«ጋዜጣው እናቴን አይቷት ነበር?»

የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ለጥያቄ ፍች አጥተው አያውቁም። የዚህኛው ግን ፍቹ አንድ ብቻ ነው።

«አላያትም፣ ልጄ» አሉ።